በጅግጅጋ የመጀመሪያዋ ሴት ሞተረኛ እኔ አይደለሁም

ዛሬ ሁለት መቶ ሰው ፊት ከሞተር ላይ ወደቅሁ።

የሚሄድ ሞተር እንዳይመስላችሁ። የቆመ! ገና ያልተነሳ! ሁለት ወጣቶች ግራና ቀኝ የደገፉት!

ከዚያ ላይ ነው እንግዲህ ቀስ ብዬ፣ በክብር፣ እንደ ጤፍ ጆንያ ወደ ጎን የተጋደምኩት።

አሁን ጅግጅጋ ሆቴል ክፍሌ ውስጥ ነኝ። ጉልበቴ ላይ በረዶ አስሬ ነው የምጽፈው። ቪዲዮው ወጥቷል። ልጄ ከአዳማ ደወለች፤ "እማዬ ደህና ነሽ?" ከማለቷ በፊት ግማሽ ደቂቃ ያህል ስትስቅ አዳመጥኳት። ያላያችሁት ፈልጋችሁ እዩት፤ አልቀየማችሁም። ምክንያቱም አሁን የምነግራችሁ ከዚያ የባሰ ነው።

እንደምታውቁት እኔ "በጅግጅጋ የመጀመሪያዋ ሴት ሞተረኛ" ነኝ። እንዳታውቁ መች ፋታ ሰጠኋችሁ! ያችን ጥቁርና ነጭ ፎቶ እዚህ ገጽ ላይ ስንት ጊዜ ለጠፍኳት? በሴቶች ቀን። በልደቴ። ምንም በሌለበት ማክሰኞ። ሞተር ላይ ጉብ ብዬ፣ ሻሽ አስሬ፣ አገጬን ሰቅዬ፣ ከኋላዬ የአውበሬ ከብቶች።

"ጀግናችን!" ትላላችሁ።

"አመሰግናለሁ ውዶቼ" እላለሁ። ከነልቡ፣ ከነአበባው።

ውሸት ነው፣ ውዶቼ።

ነገሩ በሰባዎቹ ውስጥ ነው፤ በእኛው አቆጣጠር። ጦርነቱ አልፎ፣ ጅግጅጋ ወታደርና የመንግሥት ሠራተኛ የሞላባት፣ ነፋሷ አቧራ እያነሳ ዓይን የሚሞላ ከተማ ነበረች። እኔ ደብረ ዘይት የእንስሳት ጤና ረዳትነት ተምሬ ገና መመረቄ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ምደባ ሲወጣ ጅግጅጋ ደረሰኝ። እናቴ ሦስት ቀን አለቀሰች፤ እኔ አራት።

ቢሮአችን ውስጥ ሦስት ሰው ነበርን። ኃላፊያችን፣ ወገቡን የሚያመውና ስብሰባ የሚወድ ሰው፤ እኔ፤ እና ደምሴ።

ደምሴን ልንገራችሁ። ሥራው ከብት መከተብ ነው ይባላል። ዋናው ሥራው ግን መሳቅ ነበር። ሳቁ ደግሞ ከአፉ አይወጣም። ከአፍንጫው ነው። አንዴ "ህፍ!" ይልና ዝም። በዚያ አንድ "ህፍ" ሰውን ከአናቱ እስከ ጫማው ይሰድባል።

አንድ ቀን ከሐረር በመኪና ተጭኖ ቀይ ሞተር መጣልን። አዲስ! ፕላስቲኩ ያልተላጠ! ኃላፊው ወዲያው ስብሰባ ጠራ። ለሦስት ሰው።

"ጓዶች፣ ድንበሩ ጋ አውበሬ ወረዳ ላይ ደስታ ገብቷል ተብሏል። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ክትባት ይደርሰናል። መንዳት የሚችል ማነው?"

(ደስታ የከብት በሽታ ስም ነው። መንጋ በሳምንት ይጨርሳል። ስሙን ያወጣው ሰው ምን ዓይነት ቀልደኛ እንደነበር አላውቅም።)

ደምሴ መንዳት አይችልም። ብስክሌት እንኳ አይችልም። ግን ወደ እኔ ዞር አለና፣ ማንም ምንም ሳይለው፣

"ትርሲትማ መርፌዎቹን ትቀቅልልን። ህፍ!" አለ።

እጄ ራሱ ነው የተነሳው። እኔ አላዘዝኩትም።

"እኔ እችላለሁ" አልኩ። "ደብረ ዘይት እያለሁ ወንድሜ ሞተር ነበረው።"

ወንድም የለኝም።

የሞተሩን ቁልፍ በፊርማ ተረከብኩ። ደምሴ በሩ ላይ ተደግፎ ያየኛል። "ዛሬ አያስፈልገኝም፣ ነገ ነው የማሞቀው" ብዬው በኩራት አለፍኩ። ምን እንደሚሞቅ አላውቅም።

በማግስቱ ሁለቱ ምሳ ሲወጡ ጠብቄ ሞተሩን ወደ ጓሮ ገፋሁት። ተቀመጥኩ። የሚረገጠውን ረገጥኩ። በስድስተኛው ተነሳ። ደስ ሲል! ከዚያ በእጄ የያዝኩትን ሁሉ አንድ ላይ ለቀቅሁት።

ሞተሩ እንደ ፈረስ በኋላ እግሩ ቆመ።

ቀጥሎ የማስታውሰው የጎረቤታችንን የእሾህ አጥር ነው። በአጥሩ ላይ አይደለም ያለፍኩት፤ በመሃሉ ነው። ወዲያኛው ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ፍየሎች መካከል፣ ቀሚሴ ተተልትሎ ቁጭ ብዬ ራሴን አገኘሁት።

አንዲት በእኔ ዕድሜ ያለች የሶማሌ ልጅ የታጠበ ልብስ እያሰጣች ነበር። አየችኝ። መጀመሪያ ልብሱን በሥርዓት አስቀመጠች። ከዚያ እየሳቀች መሬት ላይ ተቀመጠች።

ስቃ ስትጨርስ ተነሳች፤ ሞተሩን ብቻዋን አነሳችው፤ ቤንዚን መዝጊያውን አየች፤ አንዴ ረገጠችው፤ ተነሳ። ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠችና፣ እኔ በከፈትኩት ቀዳዳ በኩል፣ አንዲት እሾህ ሳይነካት ነድታ ጓሯችን ውስጥ አቆመችልኝ!

ቀሚሴን እያራገፍኩ በቀዳዳው ተከትያት ገባሁ።

"ማን አስተማረሽ?" አልኳት።

"ወንድሜ ሞተር ነበረው" አለች።

እሷ እውነቷን ነው።

ይህች ልጅ ሣህራ ናት። ወንድሟ ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ ነው። ሞተሩን ከዚያ አምጥቶ፣ እሱ ለንግድ ሲሄድ እሷ በማለዳ የእሱን ካፖርት ለብሳ፣ ራሷን ጠቅልላ፣ ከከተማ ወጥታ ትነዳው ነበር። ከሩቅ ያየ ሁሉ ወንድሟን ሰላም ይላል። አንድ ቀን ታዲያ ወንድሟ ራሱ አያት። ሞተሩን ሸጠና "ሁለተኛ ሞተር ላይ ባይሽ እህት የለኝም" አላት።

ዓመት ሆኗታል። የእኛን ቀይ ሞተር ስታየው ዓይኗ የሚያደርገውን ብታዩ! እኔ ለሰው እንደዚያ ተመልክቼ አላውቅም።

ተስማማን። በየማለዳው ግማሽ ሰዓት እሷ ታስተምረኛለች፤ ግማሽ ሰዓት እሷ ትነዳለች። ለማንም አይነገርም።

አሁን እኔ እንዴት ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ያቺ ልጅ በነፃ የማላውቀውን ታስተምረኛለች፤ እኔ በልቤ በአማርኛዋ እስቃለሁ። ያኔ አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም ነበር። ሜዳው መሃል ከኋላዬ እየሮጠች፣

"አንተ! ፍሪሲዮን ቀስ ብለህ ልቀቅ! ታርቲብ! ታርቲብ አልኩህ!" ትላለች። ታርቲብ ቀስ ማለት ነው።

ማታ ለራሴ "አንተ ትለኛለች እኮ!" እያልኩ እስቃለሁ። የእኔ ሶማሊኛስ? "ሀ" እና "ማያ"። አዎና አይደለም። ዓመት ተቀምጬ ሁለት ቃል! አንዱንም በትክክል አልለውም ነበር።

በአሥረኛው ቀን መነሳት ቻልኩ። አንደኛ ማርሽ በሚገባ። ሁለተኛ ማርሽ እንደ ዕድሌ። ሦስተኛ ማርሽ ስለ ሩቅ አገር እንደሚወራ ወሬ ነው፤ እንዳለ እሰማለሁ፣ አይቼው አላውቅም።

"ጆሮህ ስማ" ትለኛለች። "ሞተሩ ሲያለቅስ ማርሽ ቀይር።"

"እኔም እያለቀስኩ ነው፣ ማንን ልስማ?" እላታለሁ።

ክትባቱ ደረሰ። በበረዶ ሳጥን። በረዶው ሳይቀልጥ አውበሬ መግባት አለበት፤ ከሞቀ ውሃ ነው፣ ከብቶቹን ቢወጉት ባይወጉት አንድ ነው። ኃላፊውን "አስተርጓሚ ያስፈልገኛል፣ የጎረቤት ልጅ አለች" አልኩት። ፈቀደ። ሣህራ ለቤቷ "ለመንግሥት ላስተረጉም ነው" አለች። ወንድሟ ጅቡቲ ነው።

ከቢሮ በር እኔ ነዳሁ። በአንደኛ ማርሽ፣ ቀጥ ብዬ፣ እንደ ሙሽራ። ደምሴ በረንዳ ላይ ቆሟል። ለመጀመሪያ ጊዜ አፍንጫው ዝም አለ።

የመጨረሻውን ቤት እንዳለፍን አቆምኩና ወረድኩ። እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ።

አዎ! አውበሬ ድረስ የነዳችው ሣህራ ናት! እኔ ሳጥኑን አቅፌ፣ ፊቴን ጀርባዋ ላይ ደፍቼ፣ የማውቃቸውን ታቦቶች በሙሉ ስጠራ ነበር።

መንገዱ ጠጠር ነው። ግመሎች መሃል ላይ ቆመው እንደ ቀረጥ ሠራተኛ ያዩናል። አንድ ቦታ ላይ የደረቀ ወንዝ አለ፤ አሸዋው የመኪና ጎማ ይውጣል። እኔ ብሆን እዚያው ቤት ሠርቼ እቀመጥ ነበር። እሷ ከወንበሩ ብድግ አለችና ቆማ፣ መሪውን ልቅ አድርጋ ይዛ፣ እየዘፈነች አሻገረችው። "ምን ትያለሽ?" ብላት "ለሞተሩ ነው፣ ለአንተ አይደለም" አለችኝ።

አውበሬ ሲታይ ሞተሩን አቆምነው። ተቀያየርን። ሴቷ ሞተረኛ በአንደኛ ማርሽ ገባሁ!

ሽማግሌዎች ተነሱ። ልጆች ተከተሉኝ። በረዶው ገና አልቀለጠም። እስከ ከሰዓት ከብት ስንከትብ ዋልን። ሣህራ ታስተረጉማለች፤ ሲያስፈልግም ቀንድ ትይዛለች። አንዲት አሮጊት አራት ላሞቿን አስከትባ፣ ሞተሩን እየነካካች የሆነ ነገር ጠየቀች።

"ምን አለች?" አልኳት ሣህራን።

"'ይህን የነዳው የትኛው ነው?' አለ።"

"ምን አልሻት?"

"አንተ አልኳት" አለች። ፊቷን አዞረች።

ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ካሜራ የያዘ ሰው መጣ። "ጓድ፣ ሞተሩ ላይ ውጪ" አለኝ። ወጣሁ። ሣህራ ከጎኔ ነበረች፤ መሪውን ይዛ።

"ትንሽ ፈቀቅ በይ" አልኳት።

እኔ ነኝ ያልኩት። ፎቶ አንሺው አይደለም።

በፎቶው ቀኝ ጠርዝ በነፋስ የሚውለበለብ ጨርቅ ይታያል። ከእናንተ አንዱ "ባንዲራ ነው?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ላይክ አድርጌ አለፍኩ። የእሷ ሻሽ ነው።

ስንመለስ ጅግጅጋ ሜዳ ላይ ደረስን። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ከተማዋ ከሩቅ ትታያለች። ሣህራ አቆመችና "አንዴ ብቻዬን ልንዳ፣ ያለ ሳጥን፣ ያለ አንተ" አለች።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሄደች። ሦስተኛ ማርሽ ስትቀይር ሰማሁ። አራተኛ። የአራተኛ ማርሽ ድምፅ ምን እንደሚመስል ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ሜዳው ላይ ትልቅ ክብ ሠራች፤ ሻሿ ወልቆ አንገቷ ላይ ይበራል፤ ድምጿ እስከ እኔ ይሰማል፤ እየሳቀች ነው። እኔም ብቻዬን ሳቅሁ።

ያኔ ነው አንድ የውሃ ቦቴ በመንገዱ ያለፈው። ጋቢና ውስጥ ደምሴ።

አይቷታል። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ እኔንም ድንጋዬ ላይ አየኝ። "ህፍ!" ማለቱን ከዚያ ርቀት መስማት አይቻልም።

ሰማሁት።

በማግስቱ ኃላፊው ጠራኝ። ስብሰባ አይደለም፣ በር ተዘግቶ ነው። "የመንግሥት ንብረት ለሲቪል ተሰጥቷል ተብሏል። በድንበር መንገድ። ጓድ ትርሲት፣ ይህ ቀልድ አይደለም። አንቺ ነሽ የሰጠሻት?"

በዚያ ጊዜ ቀልድ አልነበረም፤ እውነት ነው። ግን ሰውየው ክፉ አልነበረም። "አዎ፣ ለአምስት ደቂቃ ፈቅጄላት ነው፣ አጥፍቻለሁ" ብለው ደመወዝ ይቀጣኝ ነበር። ይህን ያኔም አውቀው ነበር። ደምሴ ከውስጥ በኩል በሩ ጋ ቆሟል።

"ሳላያት አስነስታ ነው የሄደችው" አልኩ።

አንድ ዓረፍተ ነገር! አራት ቃል!

ከሰዓት በኋላ የቀበሌ ጥበቃዎች ከግቢዋ ወሰዷት። ሁለት ሌሊት ቀበሌ አሳደሯት። በሦስተኛው ቀን ወንድሟ ከጅቡቲ ደርሶ ፈርሞ አወጣት። እኔ ጓሮ ውስጥ መርፌ እየቀቀልኩ ነበር። በአጥሩ ቀዳዳ አየችኝ። እኔ ድስቱን አየሁ። ውሃው እንዴት እንደሚፈላ እስከዛሬ በዝርዝር ልነግራችሁ እችላለሁ።

በማግስቱ ቀዳዳው በአዲስ እሾህ ተደፈነ።

እኔስ? በዓመቱ ኮከብ ሠራተኛ ተብዬ ተጨበጨበልኝ። ሞተሩን ወደ ሐረር እስክዛወር ድረስ በሁለት ማርሽ ነዳሁት። የአህያ ጋሪ ይቀድመኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሞተር ነክቼ አላውቅም። አውርቼ ግን አልጠገብኩም።

እንግዲህ ዛሬ።

ከወር በፊት ከጅግጅጋ አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። ሆዳን ትባላለች፤ ሞተር የሚነዱ ሴቶች ቡድን አቋቁማለች። "እማማ፣ ፎቶዎን አይተን ነው። መጥተው ታሪክዎን ቢነግሩን?" የአውሮፕላን ቲኬት ጭምር! እምቢ የሚል ሰው አለ?

ሄድኩ። አዳራሹ ሙሉ ነው። ፎቶዬ ግድግዳ የሚያህል ሆኖ ተሰቅሏል። ማይኩን ያዝኩ። ሃያ ደቂቃ! "በራሴ ጥረት"፣ "ማንም ሳያግዘኝ"፣ "አሸዋውን ቆሜ ነው የተሻገርኩት"። ቆሜ! የፊት ረድፍ ላይ አንዲት ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች አሮጊት ታዳምጠኛለች፤ ዓይኗን አልነቀለችም። "ተመስጣለች" ብዬ ለእሷ ነው ስናገር የነበረው።

ሆዳን ማይኩን ተቀበለች። "ሰርተፊኬቱን የምትሰጥልን አያቴ ናት" አለች።

አሮጊቷ ወጣች። ሰርተፊኬቱን ሰጠችኝ። ጉንጬን ልትስም ዝቅ አለችና በጆሮዬ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣

"ሦስተኛ ማርሽ ገባልሽ?" አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! አልተከፈተችም። የሆቴል ሴራሚክ ነው።

ቀጥሎ "አሁን ወደ ግቢ እንውጣ፣ እማማ ሞተር ላይ ወጥተው ፎቶ እንነሳለን!" ተባለ። ልጆቹ ደግፈው አወጡኝ። እሷን ልፈልግ ስዞር ነው የተጋደምኩት። ሁለት መቶ ሰው "ውይ!" አለ፤ ከዚያ ስልኮቹ ወጡ።

ሣህራ መጣች። መጀመሪያ እኔን አይደለም ያነሳችው። ሞተሩን ነው። መስተዋቱን አየች፣ ደህና መሆኑን አረጋገጠች። ከዚያ ቀሚሷን ሰበሰበች፤ መነጽሯን ለሆዳን ሰጠች፤ ተቀመጠች። ግቢውን ዞረች፣ በሩን አልፋ ወጣች፣ አስፋልቱ ላይ ማርሽ ስትቀይር ሰማን። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ጠባቂው ሰላምታ ሰጠ። ተመለሰች፤ ልጆቹ እየጮሁ ዘለሉባት። እኔን ያነሳኝ አስተናጋጅ ነው።

ሆዳን እንኳ አያቷ ሞተር እንደምትችል እንጂ ሌላውን አታውቅም ነበር።

በኋላ በረንዳው ላይ ሻይ በወተት ይዘን ተቀመጥን፤ እሷና እኔ። ጉልበቴ አብጧል።

"ፎቶውን በሆዳን ስልክ አየሁት" አለችኝ። "ሻሼን አወቅሁት። 'ጥሪያት' አልኳት።"

"ለምን አልነገርሻቸውም?"

"ምን እንደምትዪ ልስማ ብዬ።"

ሃያ ደቂቃ ሰምታለች። እንባዬ መጣ። "አርባ ዓመት ሙሉ አንቺን ሳስብ፣ ሕይወትሽን አበላሸሁት እያልኩ..." ብዬ ጀመርኩ። አቋረጠችኝ።

"ምኔን ነው ያበላሸሽው? እኔ አንቺን ሳስብ የኖርኩ መሰለሽ? ሥራ ነበረኝ እኮ!"

ውዶቼ፣ ከዚህ በላይ ማን ሰደበኝ?

ሥራ ነበራት። ሐርተሼክ ካምፕ ከሶማሊያ ስደተኛው ሲመጣ ሻይ ሸጠች፣ ከዚያ ጨርቅ፤ ከዚያ የራሷን ሞተር ገዛች። ወንድሟ ሁለት ዓመት አኮረፋት። አንድ ቀን ሲታመም ሐኪም ቤት ያደረሰችው በዚያው ሞተር ነው፤ "ከኋላዬ ሆኖ እንደ አንቺ ይጮህ ነበር" አለችኝ።

ከዚያ ሻይዋን አስቀመጠች።

"ሁለቱን ሌሊት ግን አልረሳሁም። ሲሚንቶ ላይ ነው። አንድ ነገር ንገሪኝ። ምን ፈርተሽ ነው? ይገድሉኛል ብለሽ ነው?"

አርባ ዓመት ለራሴ የምነግረው መልስ ነበረኝ። ዘመኑ፣ ደርግ፣ ድንበር፣ እስር። አፌ ላይ መጣ። ፊቷን አየሁና ዋጥኩት።

"አይደለም" አልኳት። "ቢሮ ውስጥ ደምሴ የሚባል ሰው ነበር። እንዳይስቅብኝ ነው።"

መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ለሳቅ?" አለች።

"ለሳቅ።"

"ይኼን ለእኔ አትንገሪኝ" አለች። "እኔ እዚያ ነበርኩ። ለልጆቹ ጻፊላቸው። በዚያው ፎቶሽን በምትለጥፊበት።"

ይኸው ጻፍኩ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ ስለዚህ ኮሜንት ላይ "ይቅር ብላሻለች" የምትሉ አትድከሙ።

ልነሳ ስል አንድ መልካም ነገር ላድርግ አልኩ። መቼም አልማርም! ቦርሳዬን ከፍቼ ሰርተፊኬቱን አወጣሁ። "በጅግጅጋ የመጀመሪያዋ ሴት ሞተረኛ" ይላል፣ ከሥሩ የእኔ ስም በወርቅ ቀለም። ከአስተናጋጁ እስክሪብቶ ተቀበልኩ። ስሜን ሰረዝኩ። ከላዩ በጥንቃቄ፣ በቆንጆ ጽሕፈቴ ስሟን ጻፍኩና፣ እንባዬን እየጠረግሁ በሁለት እጄ ሰጠኋት።

መነጽሯን አደረገች። አነበበች። ደግማ አነበበች።

"ሣራ ማናት?" አለች።

"አንቺ ነሻ!"

"እኔ ሣህራ ነኝ። መሃሉ ላይ ህ አለ። ያኔም ሣራ ነበር የምትዪኝ፤ ሞተሩን እንዳትከለክዪኝ ብዬ ዝም አልኩ።"

ሰርተፊኬቱን አጣጥፋ መለሰችልኝ።

እና አሁን ጉልበቴን ይዤ የማስበው ይህን ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በልቤ ይቅርታ ስጠይቅ የኖርኩት፣ ፈጣሪ ያሳያችሁ፣ የትኛዋን ሴት ነው?